አባባ፣ ሁሉም ነገር እርጅና አይደለም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትምህርቱም እየሄደ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው በስልክ ስላሉኝ ነገር ነው። "አርጅቻለሁ ልጄ፣ አሁንማ ጭንቅላቴም እምቢ ብሎኛል" አሉኝ። ልመልስልዎ ስል ወሬውን ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በወጉ አይወራም፤ መስመሩም ይቆራረጣል፣ እርስዎም ቶሎ "እሺ፣ ገባኝ" ይሉኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

እትዬ ቤት ከገቡ ጀምሮ የሚነግሩኝን ሁሉ እኔም እዚህ እያየሁት ነው። እንቅልፍ አልወስድ ማለቱን። ሌሊት ሲነሱ የመጸዳጃ ቤቱ በር በየት በኩል እንደሆነ ግራ መጋባቱን። የጎረቤቶቹ ስም ከአእምሮ መጥፋቱን። ከባድ ሥራ ሳይሠሩ ማታ ላይ መዛሉን። እኔ ወጣት ነኝ፣ ጉልበቴም ሙሉ ነው። ግን ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ይህ ሁሉ ደርሶብኛል። የእኔን ሲሰሙ "አዲስ ቦታ ስለሆነ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" ብለው ያጽናኑኛል። በራስዎ ሲደርስ ግን ስሙ እርጅና ይሆናል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም።

ከእንቅልፉ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን አዲስ ቦታ አስተኝተው አንጎላቸውን ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎላቸው ግራ ክፍል እንደ ቀኙ ጠልቆ አልተኛም። ድምፅ ሲመጣ ፈጥኖ የሚሰማውም እሱ ነበር። አንዱ ወገን ተኝቶ ሌላው ዘብ ይቆማል እንደማለት ነው። የተጠኑት ደግሞ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ከቀናት በኋላ እዚያው ቦታ ሲተኙ ልዩነቱ አልታየም። እኔም እዚህ እንደመጣሁ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ሳይቀር ይቀሰቅሰኝ ነበር። አሁን ሰው አለፈ አላለፈ አላውቅም።

ሁሉንም ነገር ግን አላስተባብልም። ዕድሜ ሲገፋ ጥልቁ እንቅልፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ ይህን ተምሬዋለሁ። ስለዚህ የእርስዎ መልመድ ከእኔ ረዘም ቢል አይገርምም። በዚህ መሐል እትዬን ከአልጋዎ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ትንሽ መብራት እንድታደርግልዎ ይንገሯት። ምንጣፍ ካለም ታንሳው። በተግባር ልምምድ ላይ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አያለሁ። ባየኋቸው ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል።

በሩን ስለመሳሳትዎም ላጫውትዎ። አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። ለማስታወስም፣ ያለንበትን ቦታ ለማወቅም ዋና ሥራ ያለው ነው። ጆን ኦኪፍ የተባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአይጦች ላይ ያገኙት ነገር በጣም ይገርመኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት የሚሠሩት እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ቦታው ሲቀየር ሌሎች ሕዋሳት ይነሳሉ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እንግዲህ እርስዎ በድሮው ቤታችን ስንት ዓመት ኖሩ! በጨለማ እጅዎን ሲዘረጉ ማብሪያ ማጥፊያውን ያገኙት ነበር። ያ ቤት ውስጥዎ ገብቷል። እንቅልፍ በያዘው ዓይን ሲነሱ እግርዎ በድሮው መንገድ ቢሄድ ምን ይገርማል?

ትልቁ ጥያቄ ግን "በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ይገባል ወይ?" የሚለው እንደሆነ አውቃለሁ። በቀጥታ አልጠየቁኝም እንጂ ድምፅዎ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

ለንደን ውስጥ የታክሲ ሹፌር መሆን የሚፈልግ ሰው ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃሉ ማወቅ አለበት። ብዙዎቹን ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ኤሊኖር ማጓየር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ተማሪዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታተሏቸው። ፈተናውን ባለፉት ላይ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል አድጎ ተገኘ። ልጆች አይደሉም፣ ጎልማሶች ናቸው። እርስዎ "እነሱ ገና ናቸው" እንደሚሉኝ ስለማውቅ ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ 120 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ ያህል እንዲራመዱ ተደረገ። የቀሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ከዓመት በኋላ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሌሎቹ ግን ቀነሰ። አባባ፣ በዚያ ዕድሜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም የሚባለው ነገር ነው በእግር ጉዞ የጨመረው። ይህን ያነበብኩ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እና እባክዎን ይውጡ። እትዬ "ውጭ ብቻዎን አይሂዱ" የምትለው ስለምትሳሳልዎ ነው። መጀመሪያ ከእሷ ጋር ወይም ከልጆቿ ጋር አጭር መንገድ ይሂዱ። ያንኑ መንገድ እስኪለምዱት ይደጋግሙት። ከዚያ ትንሽ ያርዝሙት። ልብዎ ከተለመደው ውጭ ከመታ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ቆም ይበሉ፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ።

የስሙንም ነገር አልረሳሁም። እኔ በዚህ ሰሞን የጡንቻ ስም እያጠናሁ ነው። በአንድ ክንድ ላይ ብቻ ስንት ጡንቻ እንዳለ ቢያዩ! የሚጠቅመኝ ደግሞ ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ አይደለም። ዘግቼው "ይሄ ማን ነበር?" ብዬ ራሴን መጠየቅ ነው። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ አሳይተዋል። አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ወረቀቱን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ስለዚህ ያ ጎረቤት ሲመጣ ቶሎ ብለው እትዬን "ማን ነበር?" አይበሏት። ትንሽ ይታገሉ። ካልመጣልዎ ይጠይቁ፤ ማታ ላይ ደግሞ አንዴ ያስታውሱት። ያ ትግል ራሱ ነው የሚያስይዘው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አዲስ ቦታ ግራ መጋባት ሌላ ነው፣ ለዓመታት በሚያውቁት መንገድ ላይ መጥፋት ሌላ ነው። አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ፣ ወይም ሁልጊዜ የሚሠሩት ነገር አሠራሩ ከጠፋብዎ፣ እትዬ ሐኪም ጋ ትውሰድዎ። አንዳንዴ ምክንያቱ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የቫይታሚን እጥረት ይሆናል፤ እነዚህ ደግሞ የሚስተካከሉ ናቸው። የነገሩኝን ሁሉ ሳስበው እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም። ቢሆንም አይደብቁን።

"መቼ ነው የምለምደው?" ብለውኝም ነበር። እኔም ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች አንድን አዲስ ነገር በየቀኑ እየሠሩ ተጠኑ፤ ልማድ መሆኑ በደንብ ለታየባቸው መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። ግን የአንዱ 18 ቀን ነው፣ የሌላው በስሌት 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ብዙ አልጎዳቸውም። ስለዚህ ከእኔ ጋር አይወዳደሩ፣ እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መወዳደሬን ትቻለሁ።

ስለ እኔ ከጠየቁኝ፣ እዚህ በጣም የወደድኩት ነገር አለማወቅ የማያሳፍርበት ቦታ ማግኘቴን ነው። መምህራችን ስንጠይቅ ደስ ይላቸዋል። አንዳንድ ቀን ብቸኝነቱ ይከብዳል፤ በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት። ያን ጊዜ ወጥቼ በማላውቀው መንገድ እሄዳለሁ። ስሄድ ረጅም የመሰለኝ መንገድ ስመለስ ያጥርብኛል። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም፤ ግን ቀኔን ይለውጡታል። የእርስዎም ጎረቤት ሰላም ሲልዎ ስሙን ባያስታውሱም ቆም ብለው ያውሩት። እርስዎን ያወራ ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ እኔ አውቃለሁ።

እሁድ እደውላለሁ። ከቤት ተነስተው እስከ የት እንደሄዱና በመንገድዎ ላይ ምን እንዳለ ይነግሩኛል። የጫማዎ ሶል ካለቀም ለእትዬ ይንገሯት፣ ሳይቆይ ይቀየር።

ሰላምታዬን ለእትዬና ለልጆቿ ያድርሱልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ