የድጋፍ ጥሪ፦ ለጓሳ ልጆች አንድ የንባብ ክፍል

ዕረፍት ሲባል የእኛ ጓደኛሞች አሳብ ሁሌም ወደ ውኃ ዳር ነው የሚሄደው። የደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ አይገርምም። ላንጋኖ ሁለት ጊዜ ሄደናል። አሸዋው ላይ ተጋድመን፣ ቡናማው ውኃ ውስጥ ዋኝተን፣ ዓሣ በልተን ተመልሰናል። ደስ ይላል። ግን ከሁለቱም ጉዞ የአንድ ሰው ስም እንኳ ይዘን አልመጣንም።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለችው የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ከመካከላችን አንዷ "እስኪ አሁን ደግሞ ወደ ላይ እንውጣ" አለች። ጓሳ ማለቷ ነው። ስምንት ሆነን ጣርማ በር ላይ ታጥፈን ወደ መንዝ ወጣን። ድንኳን፣ ጋቢ፣ በሶና ፓስታ ጭነናል። ሦስት ሌሊት አደርን። ይህን ጥሪ የምጽፈው እዚያ ባገኘናቸው ልጆች ምክንያት ነው።

ጓሳን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። መንዝ ውስጥ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራው ሁሉ እዚያ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ጠባቂው ነው። ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው የአገሬው ሰው ራሱ ነው። ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ አገሬው በመረጣቸው አለቆች ፈቃድ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ሰዉ ግን አልተወውም። ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። እኛ ለመዝናናት ሄደን ለምለም መስክ ያገኘነው፣ የእነዚህ ልጆች አባቶች ማጭዳቸውን ከሣሩ ስላራቁ ነው።

የመጀመሪያው ማለዳ ድንኳናችን በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። ብቅ ስንል ሦስት ልጆች ቆመዋል። በርኖስ የደረበ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ እህቱ፣ ከእነሱም የምታንስ የጎረቤት ልጅ። "ደኅና አደራችሁ?" አሉን። ትንሿ ከመቀነቷ የገብስ ቆሎ ፈትታ ለሁላችንም እየዞረች አደለች። እጇ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ማንንም ሳትዘል ነው ያዳረሰችው።

ከዚያ "ኑ እናሳያችሁ" ብለው ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱን። በታች ያለው ቆላ አይታይም፤ ጉም ሞልቶታል። ፀሐይ ስትወጣበት ጉሙ እየነጣ፣ ቀስ እያለ ይናወጣል። ስለ ላንጋኖ ነገርኩት፤ ልጁ ሐይቅ አይቶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ሐይቅ ይሄን ይመስላል?"

"ይመስላል" አልኩት።

"ይሄኛው ግን ረፋድ ላይ ይሄዳል" አለኝ።

ልጁ አራተኛ ክፍል ነው። ያነባል። በጣም ያነባል። ግን የሚያነበው ነገር የለም። ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ቀን ነው። ምሳ ስንሠራ የፓስታውን ካርቶን አንሥቶ ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ የብስኩቱን። ከዚያ የድንኳኑን መለያ። "በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀና "እኛ ጋ ያስቀምጡት!" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካርቶኑን ስንጥለው አንሥቶ፣ አጥፎ፣ በርኖሱ ሥር ከቶት ሄዶ ነበር። እቤት ሄዶ ለእናቱ ሊያነብላት።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን አሳዩን። የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ነው የሚጋሩት። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ቢሮ ውስጥ ያለች አንዲት ቁም ሳጥን ናት። አንድ ባዶ ክፍል አለ። ጣሪያው ደኅና ነው። የግድግዳው ጭቃ ግን ረግፏል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ባለ ክፍል ቁጭ ብሎ ማንበብ አይቻልም።

ያገኘናቸው መምህርና ጥቂት ወላጆች ይህን ክፍል የንባብ ክፍል ማድረግ ይፈልጋሉ። ድንጋዩን፣ ጭዱንና ጉልበቱን እኛ በደቦ እንችላለን ብለዋል። የጎደላቸው በገንዘብ የሚገዛው ነው። እኛ ስምንታችን የመጀመሪያውን መዋጮ አድርገናል። ለሁሉም ግን አይበቃም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሦስት መስኮት ከነመስተዋቱና አንድ በር። መደርደሪያና አግዳሚ ወንበሮች፤ አናጺው ከዚያው አካባቢ ይሆናል። በጎቹን አስገብተው ማታ ለሚመጡ ልጆች በፀሐይ የሚሠራ መብራት። ወለሉ ላይ የሚነጠፍና ጉልበት ላይ ጣል የሚደረግ ባና። ባናውን ከከተማ ሱቅ አንገዛም። እዚያው መንዝ የበጉን ፀጉር ከሚፈትሉት እናቶችና ከሚሠሩት ሸማኔዎች ነው የምንገዛው። ገንዘቡም እዚያው ይቅር።

ከሁሉ በላይ መጽሐፍ። በአማርኛ የተጻፉ ተረቶች፣ የልጆች ታሪኮች፣ ሥዕል ያላቸው የሳይንስ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ የመማሪያና አጋዥ መጻሕፍት። ልጆቻችሁ አንብበው የጨረሱት ይሆናል። ገጹ የጎደለ ግን እባካችሁ አትላኩ። ታሪኩ መሐል ላይ ሲቋረጥበት የዚያን ልጅ ፊት አስቡት።

አንድ ነገር ከልቤ ልበል። በመንገድ ስናልፍ ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ መኪናውን ይከተላሉ። እኛም ባዶ ላስቲክ ወይም ከረሜላ ወርውረን እናልፋለን። እኔም ስወረውር ኖሬያለሁ። አሁን ግን ትክክል አይመስለኝም። ልጁን መንገድ ዳር ያስለምደዋል፤ አደጋም አለው። ያቺ የከረሜላ ገንዘብ ተጠራቅማ መደርደሪያ ብትሆን ይሻላል።

መዋጮው የሚቀመጠው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው። ከሦስቱ አንዱ የወላጆች ተወካይ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን ሁሉ እንልካለን። የምንገዛውን እያንዳንዱን ዕቃ ከነደረሰኙ እናሳያለን። አሥር ብርም መዋጮ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ፣ የተጉለትና የይፋት ልጆች፣ እናንተንም እየጠራን ነው። መጽሐፍ ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ላይ እንቀበላለን። አዲስ አበባ ላላችሁም መጥቶ የሚወስድ ሰው አለን።

ጊዜው አጭር ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጭቃው ተለስኖ መድረቅ አለበት። ስለዚህ መዋጮውን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሰብስበን ደቦው በግንቦት ይወጣል። መጥቶ ጭቃ መርገጥ የሚፈልግ ካለ መኪናው ላይ ቦታ አለ። ጋቢ ግን መያዝ ነው።

ስንለያይ ልጁን ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚፈልግ ጠይቄው ነበር። ትንሽ አሰበና "ስለ ሐይቅ" አለኝ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከሌሎቹ ለይታችሁ ላኩልን። በእጄ ነው የማደርስለት።