የጋሪ ፈረሶቻችን ጀርባ ሳይገጠብ ይታይ፦ ለጅማ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ክቡር ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባጃጁ በበዛበት በዚህ ዘመንም ከመርካቶ የሚወጣው እህል፣ ወደ ግንባታ ቦታ የሚሄደው ሲሚንቶና ብሎኬት በጋሪ ፈረስም ይጓዛል። ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ሲያልፍ መንገደኛው ይሳቀቃል፤ «ምነው ቢያሳርፉት» ይላል። ቁስል ሳይኖረው ጀርባውን የሚታመመውን ግን ልብ የሚለው የለም። የምጽፍልዎ ስለዚህኛው ፈረስ ነው።

ፈረስ ሕመሙን ይደብቃል። ሜዳ ላይ ሲኖር ድካሙን ያሳየ በአውሬ ይበላ ስለነበር፣ ዛሬም እየታመመ ይጎትታል። ቢሆንም የሚነግረን ነገር አለ። ጠዋት መጫኛው፣ ማለትም የጋሪው ዘንጎች የሚያርፉበት የጀርባ ኮርቻ፣ ሲቀርብለት ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ የሆድ ማሰሪያው ሲጠብቅበት ዞሮ ሊነክስ ይቃጣል። ይህን ሲያደርግ «አመለኛ ነው» ይባልና አለንጋ ይቀምሳል። እኔን ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ትናንት ገር የነበረ ፈረስ ዛሬ በድንገት ሲከፋ፣ ከአመሉ በፊት ጀርባው መታየት ነበረበት።

ለማየት ደግሞ እጅ ይበቃል። ፈረሱ ደልዳላ መሬት ላይ በአራት እግሩ እኩል ይቁም። ከትከሻው ጉብታ ጀምሮ እስከ ዳሌው ድረስ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ ቀስ እያሉ ይጫኑት። ጤነኛው ጡንቻ ለስለስ ይላል። የታመመው ይጠጥራል ወይም ይርገበገባል፤ ፈረሱም ጀርባውን ወደ ታች ሰብሮ ከእጅ ይሸሻል። አንዱ ቦታ ከሌላው የሚሞቅ፣ ያበጠ ወይም ጸጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለ ከሆነ እዚያ ላይ የተጫነው ነገር አለ። ሆዱ ሞልቶ ሳለ አከርካሪው ጎላ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ከጎደጎደ የጀርባው ጡንቻ ሟሟል ማለት ነው።

አካሄዱም ይናገራል። የኋላ እግሩ እርምጃ ያጥራል፣ የሰኮናው ጫፍ መሬት እየፋቀ ያልቃል፣ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል ወይም በጠባብ ቦታ ሲዞር ይቸገራል፣ ከጅሬን ዳገት ሲወርድ ያመነታል። ከሥራ ተፈትቶ መሬት ላይ መንከባለል ይወድ የነበረው ይተወዋል። እርግጥ የእግር፣ የሰኮናና የጥርስ ሕመምም ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያሳያል፤ ለዚህም ነው የእንስሳት ሐኪም የሚያስፈልገው።

በሚጋለብ ፈረስ ኮርቻው ከሚያርፍበት ሥር ያሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጫፎች ተጠጋግተው እርስ በርስ የሚነካኩበት የታወቀ ሕመም አለ። የጋሪ ፈረስን ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የጋሪው ሚዛንና መጫኛው ነው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ዘንጎች በመጫኛው በኩል ጀርባውን ይጫኑታል። ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ዘንጎቹ ተነሥተው የሆድ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይስቡታል። ለሚያየው ሰው ኩንታሉ ያው ኩንታል ነው፤ ለፈረሱ ግን አይደለም። ስለዚህ የጭነት ልክ በኩንታል ብቻ ከተወሰነ ግማሹ ሥራ ይቀራል።

መጫኛውም አከርካሪውን ጨርሶ መንካት የለበትም፤ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ትራሶች ላይ አርፎ መሐሉ ክፍት መሆን አለበት። በመጫኛ ፋንታ የሚነጠፍ የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ይህን አይሰጥም። በጅማ ዝናብ ርሶ፣ ጭቃና ላብ ጠጥቶ ሲደርቅ ደግሞ ቆዳውን ይሞርደዋል።

ትከሻው ጉብታ ላይ የሚወጣ እብጠትም አለ። ባለጋሪዎች በምላጭ ሊያፈርጡት ሲሞክሩ ይታያል። አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለ እብጠት አንዳንዴ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የብሩሴላ ጀርም ይይዛል። ይህ የባለጋሪውና የልጆቹም ጤና ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ ቅጣት እንዲጣል አልጠይቅም። ቅጣት ከመጣ የታመመው ፈረስ ይደበቃል፤ የዕለት እንጀራው በዚያ ፈረስ ላይ የሆነ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? የምጠይቀው ጋሪ በሚቆምባቸው ቦታዎች በቋሚነት ጀርባ በእጅ የሚዳስስ ባለሙያ እንዲመደብ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ከመምህራኖቻቸው ጋር ቢወጡ እነሱም ይማሩበታል፣ ባለጋሪውም ይጠቀማል። ምልክቶቹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም በሥዕል ተዘጋጅተው ይለጠፉ። መሐሉ ክፍት የሆነው መጫኛ በከተማችን ቆዳ ሰፊዎች እጅ የሚሠራ ነው፤ አስተዳደሩ ናሙናውን አሠርቶ ቢያሳይና ገዝቶ ለሚጠቀም ባለጋሪ የፈቃድ ማደሻ ክፍያ ቢቀንስለት፣ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ሐኪም «ይረፍ» ያለው ፈረስ ባለቤትም እስኪሻለው ድረስ ሌላ የቀን ሥራ የሚያገኝበት መንገድ ቢታሰብለት፣ ፈረሱን ለማሳረፍ አቅም ያገኛል።

ክረምቱ ሲገባ መጫኛው ይርሳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጎማው ይከብዳል። የመጀመሪያው ዳሰሳ ከሰኔ በፊት እንዲደረግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ