አቤቱታ በጽሑፍ፣ ለጋሼ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ደህና ነኝ። ሀዋሳ ሰሞኑን ዝናብ በዝናብ ሆናለች።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ልጆች ሳለን ብስክሌት ሲያምረን «አቤቱታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» ይሉን አልነበር? እማዬ በሳቅ ትሞታለች። እኛ ግን የምር አድርገነው ከደብተር ወረቀት ቀደን «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብለን እንጀምር ነበር። ብስክሌቱ አልተገዛም፤ አቤቱታው ግን መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ኮመዲኖው ውስጥ። ይኸው ዛሬም እንደ ልማዳችን በጽሑፍ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ፈርቼ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ካባ ለብሶ የመጨረሻውን ቃል ሲናገር የኖረ ሰው ቤት ውሎ ምን ሊሆን ነው ብዬ። እማዬ እንደነገረችኝ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሽንኩርት አከታተፏ ላይ ሳይቀር ብይን ይሰጡ ነበር አሉ።

ከዚያ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አዋጁ፣ ቁጥር 1237/2013፣ እጅዎ ገባ። ጓደኞችዎ ወደ ግልግል ዳኝነቱ አዘነበሉ። አልፈርድባቸውም። ያው ዳኝነት ነው፤ ግራ ቀኙን ሰምቶ መወሰን፤ ክፍያውም ደህና ነው። እርስዎ ግን አዋጁን ከኋላ ጀምረው አነበቡት። እርቁ ያለው እዚያ ነውና።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3318 ጀምሮ ስለ ማስታረቅ ተጽፎ ነበር። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 274 ተከራካሪዎች በየትኛውም ቀጠሮ ሊታረቁ እንደሚችሉ፣ ዳኛውም ሊያስታርቅ እንደሚችል ይላል። «እኔ ግን ‘ተነጋግራችሁ አትጨርሱትም?’ ብዬ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አልሰጠሁም፤ ቀጣዩ መዝገብ ይጠብቀኛል» ያሉኝን አልረሳውም። ጥፋትዎን ሲያምኑ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

የአስማሚነት ሥልጠናዎን ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። ሠልጣኞቹ ባለጉዳይ ሆነው ሲከራከሩ፣ እርስዎ ሃያ ደቂቃ ሰምተው ወረቀት ላይ «ተወስኗል» ብለው ጻፉ። አሠልጣኟ፣ የእኔ እኩያ ትሆናለች ብለውኛል፣ «ጋሼ፣ እዚህ የሚፈርድ የለም» አለችዎ። ቤት ገብተው ለእማዬ ምን እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልጽፈውም።

ባለፈው እዚህ መጥተው ሐይቁ ዳር ስንሄድ የነገሩኝ ጉዳይ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ስም አልጠሩም፣ ሰፈር አልጠሩም። አስማሚው ፊት የተነገረ እዚያው ይቀራል፤ እርቁ ቢፈርስ እንኳ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስረጃ አይሆንም። እኔም የነገሩኝን ያህል ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት የንግድ ሸሪኮች በሂሳብ ተጣልተዋል። ሰነድ አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ብር ተነጋገሩ። ከዚያ አንደኛው ድንገት «እናቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረሰኝም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሌላኛው ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ብሩ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

«ችሎት ላይ ቢሆን ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «‘ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ወደ ጭብጡ ይመለሱ’ ነበር የምለው። ስንት ሰው ለቅሶውን እንደያዘ አሰናብቼ ይሆን?»

ያኔ ዝም አልኩ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚከበርበትን ጉዱማሌን እያለፍን ስለነበር ወሬ ለመቀየር ስለ ሲዳማ ሽማግሌዎች አወራሁልዎ። አፊኒ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ቃሉ «ሰማችሁ?» እንደማለት ነው። እርስዎ ቆመው «መጀመሪያ ሰማችሁ ወይ ነው የሚባለው?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ወዲያው ደግሞ የእኛን ሰፈር ሽምግልና ማማት ጀመሩ። «ስለ ሽበታችን ብለህ ተው» ተብሎ በይሉኝታ የፈረመ ሰው በዓመቱ ክስ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ማንንም አልለምንም፣ አላስገድድም፣ የማይስማማ ሰው በሩ ክፍት ነው አሉ። እውነትዎን ነው። ግን እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ልጅዎ፣ ስለ ማሙሽ ነበር።

ጋሼ፣ አራት ዓመት ሊሆን ነው።

የሱቁ አከራይ ሊያስወጣው ሲከሰው፣ ማሙሽ ማታ ቤት መጥቶ ለአንድ ዳኛ ስልክ እንዲደውሉለት ለመነዎት። እምቢ አሉ። ደግ አደረጉ። ቢደውሉለት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አይመስለኝም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ውሉን አንብበው «ትሸነፋለህ» አሉት፤ እንዳሉትም ተሸነፈ። በሕግ አንድም ስህተት አልሠሩም።

ግን ማሙሽ እኮ ወሬውን ገና መጀመሩ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ሱቅ ስከፍት...» ሲል እጅዎን አንሥተው «ወደ ጭብጡ» አሉት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ተነሥቶ ወጣ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጨረሳትም።

እኔ ስለማውቃት ልጨርስልዎ። ያን ሱቅ ሲከፍት ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እርስዎ አልመጡም። ሕግ ትምህርቱን ትቶ የሞባይል ዕቃ ነጋዴ ስለሆነ ቅር ብሎዎት ነበር። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን ጎራ አላሉም። ቢሮዎ ሁለት ፌርማታ ነበር የሚርቀው። ልጁ ለስልኩ ብቻ አይደለም የመጣው፤ ሱቁ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ እንዲያዩለት ነበር።

አቤቱታዬ እንግዲህ እንዲህ ነው። ይህን ጉዳይ እርስዎ መዳኘትም ማስማማትም አይችሉም፤ ከመዝገቡ ይነሡ። እንደ አንድ ባለጉዳይ ይቀመጡ። አስማሚ ካስፈለገ እኔን አይምረጡ፤ ወገንተኛ መሆኔን ከዚህ በላይ አይተዋል። እማዬም አትሆንም፤ እሷ ምስክር ናት። ምናልባት ሦስተኛ ሰው ላያስፈልግ ይችላል።

ማሙሽ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ዕቃ ሊያደርስ ሀዋሳ ይመጣል፤ እኔ ጋ ነው የሚያድረው። እርስዎም እንደሚመጡ ነግሬዋለሁ። እሺም እምቢም አላለም፤ «ጉልበቱን እያመመው እንዴት ይመጣል?» ነው ያለው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባ እንጠጣለን። እሱ ሲጀምር እጅዎን አያንሡ፤ ምንም ያህል ዙሪያ ጥምጥም ቢሄድ።

ባለፈው የረሱት የንባብ መነጽር ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። በሰው አልልክልዎም።

ልጅዎ