አባዬ፣ ቅዳሜ እንዳትቀር

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን፤ ክብሩ ይስፋ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤትህ ጡረተኞቹን ሊሸልም ነው ስልህ ስልክ ላይ ሳቅክብኝ። «ደመወዜን በልቼበታለሁ፣ ደግሞ የምን ሽልማት ነው?» አልከኝ። ንግግሩ እንደሚንዛዛ አውቃለሁ። ዋንጫውም ቡፌ ላይ አቧራ ከመጠጣት አያልፍም። እዚህ ብሔራዊ አካባቢ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መቼም አይጠፋም፤ እኔ የማየው ግን ሁሌ አርቲስትና ባለሀብት ሲሸለም ነው።

አንተ እኮ ፈንጣጣን ከአገር ካስወጡት አንዱ ነህ! ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀውን የክትባት መርፌ ይዘህ፣ የሰው ክንድ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ፣ በበቅሎም በእግርም ስንት ወንዝ ተሻግረሃል። የሚሸሸውን እየተከተልክ፣ ዱላ ይዞ የሚወጣብህን እየለመንክ። የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ነው። በ1972 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ልጆቼ ክንዳቸው ላይ ያንተ ዓይነት ጠባሳ የለም። ፈንጣጣ ምን እንደሆነ ማስረዳት ራሱ አቃተኝ።

«ብቻዬን አልሠራሁትም» ያልከው ግን እውነት ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማም ብቻቸውን አልሠሩትም፤ እንዶድ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። 25 ዓመት ቆይቶ! የአጣቢዎቹን ስም ግን ማን መዘገበው? አንተም ከቀረህ የበቅሎ ጫኚዎቹ፣ የአስተርጓሚዎቹና የመንገድ መሪዎቹ ስም አብሮህ ቤት ይቀራል። ማይክ ሲሰጡህ እነሱን ጥራልኝ። ስለ ራስህ ካልፈለግክ ትንፍሽ አትበል።

ስማቸውን ከደብረ ብርሃን ሳትነሳ ወረቀት ላይ አስፍረው፤ መድረክ ላይ ይጠፋብሃል። መነጽርህን አትርሳ። ኮትህን ዓርብ ከሚመጣ ሰው ጋር ላክልኝ፣ እዚህ ላውንደሪ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ላምበረት እጠብቃችኋለሁ። «ችሁ» ያልኩት እማዬም ስለምትመጣ ነው። እሷን አስቀድሜ አሳምኛታለሁ፤ እንግዲህ ከሷ ጋር ተከራከር።

ልጅህ፣
ከለገሃር