የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ወረፋን መለካት

የዘንድሮው ሥራችን የመነጨው ከአባላቱ ቤት ነው። እዚህ ሞጆ ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ልጆች ናቸው። አባት ከጅቡቲ ጭኖ፣ ድንበሩ ላይ ባለው የጋላፊ ኬላ ወረፋ ጠብቆ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ደረቅ ወደቡ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰብ መምጫውን የሚገምተው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወረፋ ነው። በጥቅምት ስብሰባችን አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል «ወረፋውን ማን ይለካዋል? በምንስ ይለካል?» ብላ ጠየቀች። የዓመቱ ዕቅዳችን በዚያው ተወሰነ።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሌሎችን ሥራ አነበብን። በአሜሪካ ድንበሮች የጥበቃው ጊዜ ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው መኮንኖች ሰልፉን በዓይናቸው ገምተው፣ አሽከርካሪዎችን ጠይቀው ወይም ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ሰጥተው ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት በዚህ መንገድ የተሰበሰበው የጭነት መኪኖች መረጃ እምነት የሚጣልበት እንዳልሆነ ገልጿል። አሜሪካና ካናዳ ግን ቀደም ብለው ሁለት መሻገሪያዎች መርጠው የመለኪያ ቴክኖሎጂዎችን በመንገድ ላይ ይፈትኑ ነበር፤ አንደኛው በናያጋራ ወንዝ ላይ ያለው የፒስ ድልድይ፣ ሁለተኛው በዋሽንግተን ግዛትና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከል ያለው የፓሲፊክ ሀይዌይ ኬላ ነው። መሣሪያ ከመግዛት በፊት ቦታው ላይ መፈተን ተገቢ ነውና እኛም እንደዚያው ለማድረግ ወሰንን።

ጋላፊ መሄድ አልቻልንም። በአቅራቢያችን ግን ሁልጊዜ ሰልፍ የማይጠፋበት የነዳጅ ማደያ አለ። ባለቤቱ በደስታ ፈቀዱልን።

የጀመርነው በታርጋ ነው። አንዱ ቡድን ከሰልፉ ጅራት፣ ሌላው ከማደያው በር ሆኖ የእያንዳንዱን መኪና ታርጋና ሰዓት ይመዘግባል፤ የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ጥበቃው ነው። ለትንንሽ መኪኖች በሚገባ ሠራ። ተሳቢ ያላቸው መኪኖች ግን ሲመጡ ከፊት፣ ሲሄዱ ከኋላ ስለተመዘገቡ አንዳቸውም አልተገናኙም፤ ተሳቢው የራሱ ታርጋ አለው። ምክንያቱን ቀድሞ ያወቀው አባቱ ተሳቢ የሚነዳ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ታርጋ የሚያነብ ካሜራም የትኛውን ታርጋ እንደሚያይ ካልታሰበበት እዚሁ ችግር ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ብሉቱዝን ሞከርን። በናያጋራ ድልድዮች አካባቢ በመንገድ ዳር የተተከሉ መሣሪያዎች የአላፊ ስልኮችንና የመኪና ሬዲዮኖችን የብሉቱዝ መለያ ቁጥር ይይዛሉ፤ ያው ቁጥር ሁለተኛው መሣሪያ ጋ ሲታይ ጥበቃው ይታወቃል። እኛ ሁለት ስልኮች ተጠቀምን። አብዛኛው ስልክ ብሉቱዙ ዝግ ነበር፤ አንድ ሚኒባስ ደግሞ በተሳፋሪዎቹ ብዛት እንደ ብዙ መኪና ተቆጠረ፤ ከጎን ሻይ ቤት የተቀመጡ ሰዎችም መዝገባችን ውስጥ ገቡ። ሆኖም ሁሉንም መኪና መያዝ አያስፈልግም፤ በየሰዓቱ ጥቂት አስተማማኝ ጥንዶች ከተገኙ ይበቃሉ። እዚህ ላይ አባላቱ የሰው ስልክ መመዝገብ ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ረጅም ክርክር አደረጉ። የቁጥሩን ከፊል ብቻ ለመያዝና ማታውኑ ለመሰረዝ ተስማሙ። የዓመቱ ምርጥ ውይይታችን ያ ነበር እላለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ከአስፋልት ሥር የሚቀበር የሽቦ ጥቅል ነው። የመኪናው ብረት ከላይ ሲያልፍ በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሞገድ ድግግሞሽ ይለወጣል፤ በፓሲፊክ ሀይዌይ ኬላ ጥበቃው የሚታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። በቤተ ሙከራ በመዳብ ሽቦና በአሻንጉሊት መኪና ሠርተን አየነው። ጥቅሉ መኪና ይቆጥራል እንጂ አይለይም፤ ስለዚህ ጥበቃው በስሌት ይገኛል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጠው የወረፋ ሕግ መሠረት በሰልፉ ውስጥ 60 መኪኖች ካሉና በየ2 ደቂቃው አንድ ከወጣ፣ አሁን የሚሰለፈው 120 ደቂቃ ይጠብቃል። ተስፋ ቆርጦ ከመሐል የሚወጣ መኪና ግን ቆጠራውን ያዛባል፤ ስሕተቱም እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በየጊዜው ከእውነተኛው ሰልፍ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አባላቱን በጣም ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ከፓምፖቹ አንዱ ቆመ። በዚያች ሰዓት ከማደያው የወጡት መኪኖች ታርጋ አጭር ጥበቃ አሳየን፤ ወረፋቸውን የያዙት ሁለቱም ፓምፖች ሲሠሩ ነበርና። ከጅራቱ የተሰለፈው ግን የሚጠብቀው እጥፍ ሊሆን ነው። ታርጋና ብሉቱዝ የሚነግሩን የወጣው ሰው የጠበቀውን ነው፤ አባት መንገድ ላይ ሆኖ የሚፈልገው ደግሞ ገና የሚጠብቀውን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ በመንገድ ዳር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አሽከርካሪውን ማሳሳት ነው። ሌላም አለ፦ ሰልፉ ረዝሞ ከመጀመሪያው መመዝገቢያ ካለፈ ከዚያ ወዲያ የተጠበቀው ጊዜ ከነጭራሹ አይቆጠርም። ስለዚህ ጅራት ላይ ያለው ቡድን ወንበሩን ይዞ ከሰልፉ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። የተተከለ መሣሪያ ይህን ማድረግ ስለማይችል ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ይተከላል።

በሰኔ የወላጆች ቀን ውጤቱን በሰንጠረዥ አቀረብን። አሽከርካሪ ወላጆች ጋላፊ ላይ የጥበቃው መጀመሪያ የት ሊባል እንደሚገባ ለአባላቱ አስረዷቸው፤ አንዳንዱ መኪናው ከሰልፍ ሲቆም፣ አንዳንዱ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ሰነዱን ሲያስገባ ነው አሉ። በመጪው ዓመት የምንጀምረው ከዚህ ነው። ፈቃደኛ አሽከርካሪዎች ሁለቱንም ሰዓት የሚሞሉበት ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ቅጹ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። የ12ኛ ክፍል አባላት ስለሚለዩን በመስከረም አዲስ አባላት እንመዘግባለን፤ ታርጋ በፍጥነት የሚያነብ ዓይን ያላቸው ቢመጡ ደስ ይለናል።