ጃኬትሽ አሁንም እኔ ጋ ነው

ሰብልዬ፣

አትቆጪኝ። ሦስት ዓመት ጠፋሁ፤ ለልጅሽ ክርስትና እንኳን አልደወልኩም። ይቅርታውን ስንገናኝ ተንበርክኬ እጨርሰዋለሁ። አሁን የፈለግኩሽ ለጉዳይ ነው፤ አልዋሽሽም።

የእማዬ ጨጓራ ላይ ዕጢ ተገኘ። ከዕጢው ቆርጠው የመረመሩት፣ ባዮፕሲው፣ ካንሰር ነው አለ። ያ ሁሌ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" የምትለው ነው። እኔም በየወሩ የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ እየገዛሁ ስሰጣት ከረምኩ። ጨጓራን በካሜራ የሚያየውን ኢንዶስኮፒ ላሠራት ዓመት ፈጀብኝ። ይህን ለወንድሜም አልነገርኩትም።

እንደ ሲቲ ስካኑ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም። ሐኪሙ ሁለቱም ይቻላል አለን፤ ሆድ ተከፍቶ፣ ወይም በላፓራስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳ። እማዬ ወዲያው "በቀዳዳው ይሁንልኝ" አለች። ምክንያቷን ብትሰሚ! "ሰፈሩ ሳይሰማ ተመልሼ ቡናዬን አፈላለሁ።" ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ኦፕራሲዮኑም ትንሽ መስሏታል። እኔ ደግሞ በዚያች ቀዳዳ ሁሉንም ያወጣዋል ወይ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ታውቂኝ የለ፣ ሳነብ አደርኩ። ለካ ውስጡ ያው ነው። ጨጓራው ይቆረጣል፣ ዙሪያው ያሉት ንፍፊቶች ይለቀማሉ፣ የቀረው ከአንጀት ጋር ይያያዛል። የተቆረጠውን ለማውጣትም አንዷ ቀዳዳ ሰፋ ትደረጋለች። ኮሪያ ውስጥ ካንሰሩ ገና ጅምር ላይ ያለ 1,416 ሰዎችን አነጻጽረዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በቀዳዳው 94.2፣ በክፍቱ 93.3 ከመቶ ናቸው። የቁስሉ ጣጣም በቀዳዳው አንሷል። እፎይ ልል ስል የእማዬ ጅምር አይደለም፤ የጨጓራዋ ጡንቻ ድረስ ገብቷል። ገፋ ላለው ቻይና የተሠራ አገኘሁ፤ ሦስት ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በቀዳዳው 76.5፣ በክፍቱ 77.8 ከመቶ። እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም።

ግን እነዚያ እጃቸው የተፍታታ ሰርጀኖች ናቸው። የኛው ስንት ሠርቷል? ለመጠየቅ አፈርኩ። አንቺ ኦፕራሲዮን ክፍል የምትውዪ ነሽ፤ ሐኪሙ ሳይቀየም እንዴት ይጠየቃል? ደግሞ መሃል ላይ ካስቸገረ ሆዷ ይከፈታል ብሎ አስፈርሞናል። እማዬ አልሰማችም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆናለች። ደግሜ ልንገራት? ወይስ... እንጃ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ደውዪልኝ። እዚያ ሌሊት ይሁን ቀን ሁሌም ይምታታብኛል፤ ብቻ ደውዪ።

ጃኬትሽንም እልክልሻለሁ። ዚፑ ግን ተበላሽቷል።