የሙቀት ካሜራው በሌሊት ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ኅዳር የሕንፃችን ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሊነጋ ሲል ብርዱ አይቻልም፤ የክፍሎቹ ማዕዘን ይሻግታል፤ አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ሂተር ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ ያድራል። አንድ ድርጅት በኢንፍራሬድ ካሜራ ሙቀቱ የሚወጣበትን ያሳየናል ተባለ። ደስ ብሎኝ ድርሻዬን አዋጣሁ።

ሰዎቹ የመጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ የምዕራቡን ግድግዳ እያጋለችው ነበር። ሪፖርቱ ላይ ያ ግድግዳ ቀይ ሆኖ ወጣ። «ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚህ ነው፤ ሙሉውን ሙቀት በሚከለክል ፎም መሸፈን አለበት» ተብሎ ዋጋ ቀረበልን።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የጋለ ብሬከር የምፈልገው በዚሁ ዓይነት ካሜራ ነው። ካሜራው በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት አያይም። የሚያየው ከግድግዳው ገጽ የሚወጣውን ጨረር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የገጹን ሙቀት ያሰላል። ፀሐይ የመታው ግድግዳ ቀይ ቢሆን ታዲያ ስለ ቤታችን ምን ይነግረናል?

እንዲህ ያለ ምርመራ እንዲሠራ የሚመከረው በውስጥና በውጭ ሙቀት መካከል ቢያንስ 10 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ ፀሐይና ዝናብ በሌሉበት፣ ነፋስ ሲረግብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚገኘው በበጋ ሌሊት፣ ያውም ክፍሉ ሲሞቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ። ውጭው 9 ዲግሪ ነበር፤ የአራሷ ክፍል 22።

ከውጭ ሳየው ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪቱ ምሰሶና አግዳሚ) ከብሎኬቱ ይልቅ ደምቀው ታዩ። ግን ኮንክሪት የቀኑን ፀሐይ ይዞ ሊያድር ይችላል ብዬ ተጠራጠርኩ። አራሷን ይቅርታ ጠይቀን ከባለቤቷ ጋር ወደ ውስጥ ገባን። ከውስጥ ያው ኮለን ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በእሱ በኩል ነው ማለት ነው። ብሎኬቱ 17 ዲግሪ ሲያሳይ የኮለኑ ማዕዘን 14 ነበር። ሻጋታው የበቀለው እዚያው ላይ ነው። የአጥሚቱና የገንፎው እንፋሎት ቀዝቃዛ ቦታ ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። ሌላው ችግር የመስኮቱ ፍሬም ዳር ነው፤ ብርዱ በስንጥቁ ይገባል። እሱን ሲሊከን ይደፍነዋል።

ስለ መስታወትና አልሙኒየም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ አሁን የሚተከለው እሱ ነውና። ልስንና ቀለም በሙቀታቸው ልክ ሊያወጡ ከሚችሉት ጨረር 90 በመቶ ገደማውን ያወጣሉ። የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ግን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ካሜራው የሚያነበው በአብዛኛው የሌላ ዕቃ ነጸብራቅ ነው። መስታወትም ከዚህ ጨረር የተወሰነውን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ፊት ለፊቱ ስቆም ራሴን አየሁ። ፎቅ ላይ ያለው መስኮት ደግሞ የጠራውን የሌሊት ሰማይ መልሶ ከእውነቱ በላይ ቀዝቃዛ ይመስላል። እኛ ሠራተኞች አልሙኒየም ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጥፈን ሙቀቱን ናስትሮው ላይ እናነባለን።

እንዲህ ያለ ሪፖርት የቀረበላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሥዕሉ በስንት ሰዓት እንደተነሣ ጠይቁ። የውስጡና የውጩ ሙቀት ካልተጻፈበት አትቀበሉት። ከውስጥ የተነሣ ሥዕልም ይኑረው።

ኮሚቴያችን የኔን ሥዕሎች ካየ በኋላ ፎሙን አቁሞታል። ያዋጣነው ገንዘብ እንዲመለስ ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።

አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ